በአፍ መፈረም፦ «አፈርም» የተባለው የእንግሊዝኛ ግስና ሥራው

 የዚህ ንግግር ጉዳይ «አፈርም» የተባለው የእንግሊዝኛ ግስ ነው። መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ሰው «በጽኑ መናገር፣ ማረጋገጥ» የሚል አጭር ፍቺ ያገኝለታል፤ ብዙ ተማሪም ከዚያ አያልፍም። ቃሉ ግን ከዚህ ፍቺ እጅግ የሰፋ ታሪክ አለው። በእሱ ሰበብ ወህኒ የወረዱና ንብረታቸው እንዲወረስ የተፈረደባቸው ሰዎች ነበሩ። ሕዝብ መርጦት ሳለ ለፓርላማ ወንበሩ ስድስት ዓመት ያህል የተሟገተ ሰው ነበር። ዛሬም አሜሪካ ገብቶ ጥገኝነት ከሚጠይቅባቸው ሁለት መንገዶች አንደኛው የሚጠራው ከዚሁ ግስ በወጣ ስም ነው።

የንግግሩ ዓላማ ቃሉ በየቦታው ምን ሥራ እንደሚሠራ ማሳየት ነው። መነሻው የቃሉ ሥርና የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። ቀጥሎ ረጅሙ ጊዜ ለመሐላ ክርክር ይሰጣል። ከዚያም በፍርድ ቤት፣ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት፣ በስደተኞች ጉዳይና በአውሮፕላን ራዲዮ በኩል ታልፎ የአማርኛ ጋዜጦች ጋ ይደረሳል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በላቲን «ፊርሙስ» ጽኑ፣ የማይነቃነቅ ማለት ነው። ከእሱ «ፊርማሬ»፣ ማጽናት፣ ወጣ፤ ፊቱ ላይ ቅጥያ ተጨምሮበት «አፊርማሬ» ሆነ፤ በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ። ጣሊያኖች ያንኑ «ፊርማሬ» ሰነድን በስም ለማጽናት አዋሉት፤ በወረቀቱ ግርጌ የሚቀመጠውንም ስም «ፊርማ» አሉት። አማርኛ ከጣሊያንኛ ወስዶ የራሱ ያደረገው «ፊርማ» ይኸው ነው። «ፈረመ፣ አስፈረመ፣ ተፈራረመ» እየተባለ እንደ አገር ቤት ግስ ሲረባ የሚሰማ ሰው ከሮም የመጣ ነው ብሎ አይጠረጥርም። እንግሊዞች የንግድ ድርጅትን «ፈርም» የሚሉትም ነጋዴው ውል የሚያጸናበትን ስም ይዘው ነው።

ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ «አፈርም»ን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። በአፍ መፈረም ማለት ነው። የፈረመ ሰው ወረቀቱ ላይ ያለውን ቃል በመፈረሙ ብቻ እውነት አላደረገውም፤ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ግን ተጠያቂው እሱ ነው። የግሱ ጉልበት ያለውም እዚሁ ላይ ነው፦ ከማስረጃው ብዛት ይልቅ ተናጋሪው ስሙን ከቃሉ ጋር ማሰሩ ላይ።

ከዘመዶቹ አጠገብ ሲቆም ይህ ጠባዩ ይበልጥ ይታያል። «አሰርት» የሚለው ግስም በጽኑ መናገር ነው፤ ነገር ግን ማስረጃ ሳያቀርቡ በድፍረት መናገርንም ይይዛልና አንዳንዴ ትችት ያዘለ ነው። «ክሌም» ይባስ ብሎ አንባቢውን ጥርጣሬ ላይ ይጥለዋል፤ ጋዜጠኛው «እሱ እንዲህ ይላል፣ እኔ ግን የለሁበትም» ሊል ሲፈልግ የሚመርጠው እሱን ነው። «ኮንፈርም» አስቀድሞ የተወራ ወይም የተጠረጠረ ነገር ይፈልጋል፤ ወሬውን መርምሮ ወይም አውቆ «አዎ፣ እውነት ነው» የሚል ሰው ያንን ግስ ይጠቀማል። «አፈርም» ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ተናጋሪው ለገዛ ቃሉ ዋስ ሆኖ በመቆሙ ነው። ሚኒስትሩ ስብሰባው መካሄዱን ከተናገሩ «ኮንፈርም» ነው። ሚኒስትሩ ከድርድር ሌላ መንገድ የለም ብለው አቋማቸውን ካስታወቁ ግን «አፈርም» ነው፤ እዚህ ላይ የሚጣራ ወሬ የለም፣ የተያዘ አቋም እንጂ።

ወደ መሐላው እንሻገር፤ የቃሉ እውነተኛ ታሪክ ያለው እዚያ ነው።

መሐላ ማለት ከተናጋሪው የሚበልጥ ምስክር መጥራት ነው። አማርኛ በዚህ በኩል ሀብታም ነው። ገበያ ውስጥ «ማርያምን!» ይባላል፤ «እናቴ ትሙት» ይባላል፤ «ወላሂ» ይባላል። በነገሥታቱ ዘመን «ምኒልክ ይሙት» ብሎ የማለ ሰው ቃሉን ቢያጥፍ ነገሩ ከሁለት ሰዎች ጭቅጭቅ አልፎ የንጉሥን ስም የመድፈር ጉዳይ ይሆን ነበር። እንግሊዞችም በፍርድ ቤት መጽሐፍ ቅዱስ አስይዘው ሲያስምሉ የሚጠብቁት ይህንኑ ነው፤ የሚዋሽ ሰው ዳኛውን ቢያመልጥ ከፈጣሪ እንደማያመልጥ እንዲያስብ።

በ17ኛው መቶ ዓመት እንግሊዝ ውስጥ የተነሱት ኩዌከሮች የተባሉ ክርስቲያኖች ይህንን አንቀበልም አሉ። መነሻቸው ጌታ በተራራው ስብከት ስለ መሐላ የሰጠው ትእዛዝ ነው፤ ክርስቲያን ፈጽሞ አይማል፣ አዎን ያለው አዎን፣ አይደለም ያለውም አይደለም ሆኖ ይቅር። አንድ ሌላ ክርክርም ጨመሩበት፤ እስከ ዛሬም መልስ ለመስጠት ይከብዳል። ሰው ምሎ ሲናገር ብቻ የሚታመን ከሆነ፣ ሳይምል የሚናገረው ሁሉ ምን ሊባል ነው? መሐላ ሁለት ዓይነት እውነት ይፈጥራል፤ አንዱ ለችሎት፣ ሌላው ለሰፈር። ለኩዌከሩ እውነት አንድ ብቻ ነው።

አቋሙ ዋጋ አስከፈላቸው። ቻርልስ 2ኛ በ1660 ዙፋኑን ካስመለሰ በኋላ መንግሥቱ ሁሉንም ይጠራጠር ነበር፤ በ1662 መሐላ አልፈጽምም የሚሉ ኩዌከሮችን የሚቀጣ ሕግ ወጣ። ሌላ ወንጀል ያላገኘባቸው ዳኛ የታማኝነት መሐላውን አቅርቦ «ማሉ» ማለት ይበቃው ነበር፤ እንደማይምሉ ያውቃልና። ማርጋሬት ፌል የምትባል የስዋርዝሙር እመቤት በ1664 ላንካስተር ከተማ ችሎት ፊት ቀርባ መሐላውን እንቢ አለች። ንብረቷ እንዲወረስና ዕድሜዋን ሙሉ እንድትታሰር ተፈረደባት፤ እስከ 1668 ድረስም ታሰረች። የንቅናቄው መሥራች ጆርጅ ፎክስም በዚያው ዘመን በዚሁ ምክንያት ታስሮ ነበር።

ከእስሩ ያልተናነሰው ጉዳት የዕለት ኑሮው ነበር። የማይምል ሰው ምስክር አይሆንም፤ ኑዛዜ አያጸድቅም፤ በመሐላ ቃል መስጠት በሚያስፈልግበት ክርክር ሁሉ ተረቺ ነው። ከኩዌከሮቹ ብዙዎቹ ነጋዴዎች ነበሩና ገንዘባቸውን የካደ ባለዕዳ ፊት ለፊታቸው ሲሄድ እያዩ ዝም ማለት ግድ ሆነባቸው።

በ1696 ፓርላማው መፍትሔ አገኘ፤ መፍትሔውም አንድ ግስ ነው። ኩዌከር «እምላለሁ» በሚለው ቦታ ሌላ ቃል ተናግሮ መመስከር እንዲችል ተፈቀደ፤ በሐሰት ቢናገር ቅጣቱ በሐሰት ከማለ ሰው ጋር እኩል ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ቀመር ሁሉን የሚችል አምላክ ፊት መሆንን የሚጠቅስ ነበርና ኩዌከሮቹ ራሳቸው ለሁለት ተከፈሉ፤ ገሚሱ «ይህ ስሙን የቀየረ መሐላ ነው» አለ። ክርክሩ ከሩብ ምእት ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ በ1722 የፈጣሪ ስም የሌለበት ቀመር ተፈቀደ፤ በክብር፣ በቅንነትና በእውነት አሳውቃለሁ፣ አፈርም አደርጋለሁ የሚል። ዛሬ በእንግሊዝ ችሎቶች መማል የማይፈልግ ምስክር የሚናገረው የዚህን ቀመር ልጅ ነው።

ፈቃዱ ሙሉ አልነበረም። በወንጀል ጉዳይ መመስከር፣ ዳኞች ሸንጎ ውስጥ መቀመጥ፣ የመንግሥት ሹመት መያዝ ለረጅም ጊዜ እንደተከለከሉ ቆዩ። ጆን አርችዴል በ1698 ለፓርላማ ተመርጦ ሳይምል ሊገባ አልቻለም። ሌላው ኩዌከር ጆሴፍ ፒዝ አፈርም አድርጎ ወንበሩን የያዘው በ1833 ነው። በሁለቱ መካከል 135 ዓመት አለፈ።

ከዚያ ደግሞ የሚያምነው አምላክ የሌለው ሰው መጣ። ቻርልስ ብራድሎ በ1880 ከኖርዛምፕተን ሲመረጥ አምላክ የለሽነቱን አገር ያውቀዋል፤ ስለዚህ ከመማል ይልቅ አፈርም ላድርግ አለ። ምክር ቤቱ ፈቃዱ ለእምነተኞች እንጂ ለከሐዲ አይደለም ብሎ ከለከለው። «እንግዲያው እምላለሁ» ሲል ደግሞ የማያምንበትን መሐላ መማል አይችልም ተባለ። ከምክር ቤቱ አልወጣም ቢል በፓርላማው የሰዓት ማማ ውስጥ አንድ ሌሊት ታሰረ። ለጥቂት ወራት በራሱ ኃላፊነት አፈርም አድርጎ ቢቀመጥም ፍርድ ቤት መብት የለህም ብሎ ወንበሩን አሳጣው። የኖርዛምፕተን መራጮች ደጋግመው መለሱት፤ እሱም በ1882 ምክር ቤቱ መሐል ገብቶ ራሱን በገዛ አፉ አስማለ፤ አልተቀበሉትም። በመጨረሻ በ1886 አፈ ጉባኤው ማንንም ሳያስጠይቁ አስምለው አስገቡት። በ1888 ብራድሎ ራሱ ተሟግቶ ያስጸደቀው ሕግ ለማንኛውም ዜጋ፣ አማኝም ይሁን አይሁን፣ አፈርም የማድረግን መብት ሰጠ። ጥር 1891 ምክር ቤቱ በእሱ ላይ ያሳለፈውን ውሳኔ ከመዝገብ ሲፍቅ ብራድሎ በሞት አልጋ ላይ ነበር፤ ዜናውን ሳይሰማ ከ3 ቀን በኋላ አረፈ።

አሜሪካኖች ይህን ሁሉ ውጣ ውረድ ቀድመው አሳጥረውታል። የ1787 ሕገ መንግሥታቸው ስለ ፕሬዚዳንቱ ቃል ሲደነግግ ሁለቱንም ግሶች ጎን ለጎን አስቀመጠ፤ መማልም አፈርም ማድረግም ይቻላል። እስከ ዛሬ ሁለተኛውን የመረጠ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ፒርስ ብቻ ነው። በመጋቢት 1853 ቃሉን ሲሰጥ፣ ከሁለት ወር በፊት የ11 ዓመት ልጁ በባቡር አደጋ ዓይኑ እያየ ሞቶበት ነበር። ብዙ ሰው ኩዌከሩ ኸርበርት ሁቨርም አፈርም ያደረገ ይመስለዋል፤ የ1929 ፊልሙ ግን የሚያሳየው መማሉን ነው።

ነገሩ ለኢትዮጵያውያንም ቅርብ ነው። በ1961 የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በእንግሊዝኛ ቅጂው ምስክሮች ከመመስከራቸው በፊት እንዲምሉ ወይም አፈርም እንዲያደርጉ ያዛል። አሜሪካ ውስጥ ዜግነት ለመቀበል እጁን የሚያነሳ ኢትዮጵያዊም ምርጫው አለው። «አትማሉ» የሚለውን ትእዛዝ ቃል በቃል የሚይዝ ሰው መሐላን በሚጠራው ሐረግ ቦታ አፈርም የሚለውን ተክቶ፣ መጨረሻ ላይ ያለውን የእግዚአብሔር ስም ትቶ ቃሉን መስጠት ይችላል። ይህን መብት የማያውቁ ብዙ ናቸው፤ ከሥነ ሥርዓቱ ቀደም ብለው ቢጠይቁ ይስተናገዳሉ።

ከምስክሩ ወንበር ወደ ዳኛው ወንበር ሲወጣ ግሱ ሌላ መልክ ይይዛል። ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የሥር ፍርድ ቤትን ውሳኔ ትክክል ነው ብሎ ሲቀበል አፈርም ያደርገዋል፤ የኢትዮጵያ ዳኞች «ጸንቷል» ብለው የሚጽፉት ማለት ነው። ማጽናት ሁልጊዜ ማመን ላይሆን ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 አንድ ዳኛ ሞቶበት ስምንት በቀረበት ጊዜ አራት ለአራት ሲከፈል ውሳኔው «እኩል በተከፈለ ችሎት ጸንቷል» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይወጣ ነበር። ያ ማጽናት ለወደፊት ጉዳዮች መመሪያ አይሆንም።

በውል ሕግ ደግሞ ግሱ አፍ እንኳ አያስፈልገውም። በ1958 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አንድ የጭነት መኪና ጉዳይ አየ። ሻጩ መኪናው እጅግ በጥሩ ይዞታ ላይ ነው ብሎ በ750 ፓውንድ ሸጦታል። ገዢው በመጀመሪያው የሥራ ጉዞ ዲናሞው መሥራት ሲያቆም፣ የጎማው ቸርኬ ላይ ስንጥቅ ሲታይና ነዳጁ ያለ ልክ ሲያልቅ አየ። ለሻጩ ደወለ፤ ሻጩ የዲናሞውን ዋጋ ግማሽ እከፍላለሁ አለው፤ ገዢው ተስማማ፤ መኪናውንም ለሁለተኛ ጉዞ ላከው። መኪናው መንገድ ላይ ሲቆም ውሉ ይፍረስልኝ አለ። ፍርድ ቤቱ አልሰማውም። ጉድለቱን አውቆ ግማሽ ክፍያ መቀበሉና መልሶ ሥራ ላይ ማሰማራቱ ውሉን ማጽናት፣ አፈርም ማድረግ ነው ተባለ። ያ ሰው አንድም ቃል በጽኑ አልተናገረም፤ በሥራው ግን ፈርሟል። ዕቃ ገዝቶ ጉድለት ያገኘ ሰው ሁሉ ይህን ፍርድ ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሰነዶች ውስጥ ግሱ በየገጹ ይገኛል። ኢትዮጵያ በ1945 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የፈረመችው ቻርተር መግቢያው ውስጥ በሰብአዊ መብት ላይ ያለ እምነትን እንደገና ማጽናት የሚል ሐሳብ አለ። ከሁሉ የሚከብደው ግን የ1946ቱ ነው። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ጠቅላላ ጉባኤው የናዚ መሪዎች የተዳኙበት የኑረምበርግ ፍርድ የቆመባቸውን መርሖዎች አፈርም አደረገ። ግሱ በዘፈቀደ አልተመረጠም። የናዚዎቹ ጠበቆች «ይህ ከድርጊቱ በኋላ የተፈጠረ ሕግ ነው» ብለው ተከራክረው ነበርና ጉባኤው መርሖዎቹን ፈጠርኳቸው ቢል ኖሮ ክርክራቸውን ያጸድቅ ነበር። አፈርም ያደረገ ግን ነገሩ ቀድሞም ነበረ፣ እኔ ስሜን አኖርኩበት ማለቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ ቅሬታ ሳይጠቀስ ቢቀር አግባብ አይሆንም። ኢትዮጵያ በእነዚሁ መርሖዎች መሠረት ግራዚያኒንና ባዶሊዮን ጨምሮ በጣሊያን የጦር ወንጀለኞች ላይ ክስ አቅርባ ነበር። ባዶሊዮ ችሎት ፊት አልቆመም። ግራዚያኒ ጣሊያን ውስጥ የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በማበሩ እንጂ በአዲስ አበባው የየካቲት 12 እልቂት አይደለም። መንግሥታቱ መርሖውን በአፋቸው ፈረሙ፤ ለኢትዮጵያውያን ሲሆን ግን ፊርማቸውን አላከበሩም።

ከግሱ የወጣው ቅጽል «አፈርማቲቭ» ሌላ መንገድ ተከትሏል። ሳይጠየቁ፣ ራስን ችሎ ወደ ፊት መራመድ የሚል ትርጉም ይዞ ሕግ ውስጥ ገብቷል። አሜሪካ ውስጥ አፈርማቲቭ የሚባለው የጥገኝነት ጥያቄ አመልካቹ የማስወጣት ክስ ሳይከፈትበት ራሱ ቅጹን ሞልቶ ለኢሚግሬሽን አገልግሎቱ የሚያቀርበው ነው፤ ከአንድ መኮንን ጋር ቃለ መጠይቅ ይደረግለታል፤ ተቃራኒ ጠበቃ አይቆምበትም። ዲፌንሲቭ የሚባለው ደግሞ ክሱ ከተከፈተ በኋላ በዳኛ ፊት፣ የመንግሥት ጠበቃ እየተከራከረው የሚያቀርበው መከላከያ ነው። ቃሉን መዝገበ ቃላት ውስጥ «አዎንታዊ» ብሎ የሚያነብ ሰው ጉዳዩ የተፈቀደለት ሊመስለው ይችላል። አልተፈቀደለትም፤ አቀራረቡ ብቻ ነው የተሰየመው። ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የተቀመጠ አመልካች በዚያ መንገድ ካልተቀበሉት ጉዳዩ ወደ ዳኛው ይተላለፋል።

«አፈርማቲቭ አክሽን»ም ከዚሁ ወገን ነው። ሐረጉ በ1935ቱ የአሜሪካ የሠራተኞች ሕግ ውስጥ ያለ አግባብ የተባረረን ሠራተኛ ወደ ሥራው መመለስን ለመሰለ እርምጃ ይውል ነበር። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ መጋቢት 1961 ባወጡት ትእዛዝ የዘር መድልዎን ለማስቀረት ሲገባ ዝነኛ ሆነ። ትእዛዙን በማርቀቅ የረዳው ጥቁሩ ጠበቃ ሆባርት ቴይለር «ፖዚቲቭ» ከሚለው ይልቅ ይህኛውን የመረጠው «አፈርማቲቭ» እና «አክሽን» በአንድ ድምፅ ጀምረው ለጆሮ ስለሚጥሙ መሆኑን ተናግሯል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ለሴቶች ሲደነግግ «የድጋፍ እርምጃ» አለው። ጥሩ ትርጉም ነው፤ የሚሠራውን ነገር በስሙ ጠርቶታል።

በአውሮፕላን ራዲዮ ደግሞ ግሱ ተቆርጦ አንድ ሥራ ብቻ ቀርቶለታል። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ሕግጋት መሠረት አብራሪ «አዎ» ለማለት «አፈርም»፣ «አይደለም» ለማለት «ነጋቲቭ» ይላል። «አፈርማቲቭ» የተተወው ጫፉ ከ«ነጋቲቭ» ጫፍ ጋር አንድ ስለሆነ ነው፤ ራዲዮው የቃሉን መጀመሪያ ቆርጦ «ቲቭ» የሚለውን ብቻ ቢያደርስ የማማው ተቆጣጣሪ አዎ ይሁን አይደለም አያውቅም። አሜሪካኖች ግን በአገራቸው ሰማይ ረጅሙን እስካሁን ይጠቀማሉ።

የቀረው የአማርኛ ጋዜጦች ጉዳይ ነው። ከውጭ የዜና ወኪሎች የሚተረጎም ዜና ውስጥ «አረጋገጠ» የሚለው ግስ ለ«ኮንፈርም»ም ለ«አፈርም»ም ይውላል፤ ይህ አንባቢን ይጎዳል። አንድ መንግሥት ለሰላም ያለውን ቁርጠኝነት ሪአፈርም አደረገ የሚለውን «ቁርጠኝነቱን በድጋሚ አረጋገጠ» ብሎ የተረጎመ ጋዜጠኛ፣ ቁርጠኝነቱ ተመርምሮ እውነት መሆኑ የታወቀ አስመስሎታል። የተባለው ግን መንግሥቱ የቀድሞ ቃሉን ደገመው ብቻ ነው። «ቁርጠኛ መሆኑን በድጋሚ አስታወቀ» ወይም «በአቋሙ እንደጸና ገለጸ» ቢባል ዜናው ልኩን ያገኛል። «አረጋገጠ» ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት አይቶ፣ ፖሊስ አስከሬኑን ለይቶ፣ ምርጫ ቦርድ ድምፁን ቆጥሮ ለሚናገሩት ይቆይ። ባለሥልጣን ስለ ገዛ አሳቡ በጽኑ ሲናገር «አስረግጦ ተናገረ» የሚል ጥሩ አማርኛ አለ፤ ለ«አፈርም» ከሁሉ የሚቀርበውም እሱ ነው።